ከመስኮት የሚጀምር ልኬት

ዛሬም ፒያሳ ማኪያቶ ላይ የስታር ትሬክ፣ የዚያ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም፣ የጠፈር መርከቦች ክርክር ተነሳ። «የትኛዋ ታምራለች?» የሚለው ማንንም አሳምኖ አያውቅም፤ ሁሉም ልጅነቱ ላይ ያያትን ይዞ ይሟገታል። እኔን የሚይዘኝ ሌላው ጥያቄ ነው፦ መርከቧ በእርግጥ ስንት ሜትር ትረዝማለች? ይሄኛው በማስመሪያ ይፈታል።

መነሻው ሰው ነው። ሰው የሚያልፍበት በር 2 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ፎቅ ከነወለሉ ውፍረት ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይፈልጋል። ከጎን የተሳለውን ንድፍ ፎቶኮፒ አድርጎ ጠቅላላ ርዝመቱን በሚሊሜትር መለካት፣ ቀጥሎ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት የመስኮት ረድፎች መካከል ያለውን ርቀት መያዝ። ንድፉ 300 ሚሊሜትር ሆኖ ረድፎቹ በ3 ሚሊሜትር ከተራራቁ፣ መርከቧ የ100 ፎቅ ከፍታ ያህል ትረዝማለች፤ ከ300 እስከ 350 ሜትር ማለት ነው። ስህተት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። 3 ሚሊሜትር ላይ ግማሽ ሚሊሜትር መሳት ውጤቱን በ50 ሜትር ያዛባል። ስለዚህ አምስት ረድፍ አንድ ላይ ለክቶ ለአራት ማካፈል ይሻላል። ከፊልም የተወሰደ ፎቶ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ወደ ካሜራው የቀረበው ክፍል ይተልቃል፣ የራቀው ያንሳል።

በፈረንጆቹ 1966 በቴሌቪዥን የታየችው፣ ንድፍ አውጪው ማት ጄፍሪስ የሳላት የመጀመሪያዋ መርከብ ኢንተርፕራይዝ 289 ሜትር ነች። ለቀረጻ የተሠራው ትልቁ ሞዴሏ 3.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር ማለት 85 ሴንቲሜትር ነው። የሳህኑ፣ ማለትም የፊተኛው ክብ ክፍሏ፣ ጠርዝ ሁለት ፎቅ በደንብ ይይዛል፤ እስከዚህ ድረስ ቁጥሩ ታማኝ ነው። መለካት ያለበት ግን የቀኝ ጎኗ ነው። የመብራቱ ሽቦ በግራ በኩል ይወጣ ስለነበር ያ ጎን ሳይጨረስ ቀርቷል፤ ስትቀረጽም በቀኟ ነበር።

ትልቁ ጠብ ያለው ማዘዣ ክፍሉ ላይ ነው። ውስጡ ሲታይ የአሳንሰሩ በር ከካፒቴኑ ኋላ በግራ ነው። ከውጭ ሲታይ ግን ከክፍሉ ጉልላት ጀርባ ያለው፣ የአሳንሰሩ መተላለፊያ የሚመስለው ቱቦ በትክክል መሃል ላይ ነው። ሁለቱን ለማስማማት ክፍሉን በሙሉ 36 ዲግሪ ማዞር ያስፈልጋል፤ ይህን የተቀበሉ አድናቂዎች ብዙ ናቸው። እኔ አልቀበልም። ካፒቴን ወደ ጎን ዞሮ መርከብ ከሚመራ፣ የውጩ ቱቦ የአሳንሰር አይደለም ማለት ይቀላል።

ቁጥር ብቻውን ለዓይን አይታይም፤ ለጎንደር ሰው ግን መለኪያው ቅርብ ነው። የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ከፍታ 32 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያዋ ኢንተርፕራይዝ የሳህን ስፋት 127 ሜትር ስለሆነ አራት እንደርሱ ያለ ግንብ ተደራርቦ ነው የሚደርስባት። በፈረንጆቹ 1987 የመጣችው ተተኪዋ ኢንተርፕራይዝ ዲ ደግሞ 642 ሜትር ነች። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነውና በየትኛውም አቅጣጫ ብትጋደም ግቢው አይችላትም።

ዲፋያንት በምትባለው ሌላዋ የስታር ትሬክ መርከብ ላይ ግን ማስመሪያችን ተጣላ። አንዱ ምንጭ 120 ሜትር ይላል፣ ሌላው 170። በ170 ሜትር ከፍታዋ 30 ሜትር ይሆናል፤ አራት ፎቅ ብቻ ካላት ለአንዱ ከ7 ሜትር በላይ ይደርሰዋል። ያን ሁሉ ቦታ ማሽን ሞላው ቢባል እንኳ በዝቷል። በ120 ሜትር ሲሰላ ከፍታዋ 21 ሜትር ነው፤ ለአንድ ፎቅ 5 ሜትር ገደማ። ዳርና ዳሯ ስለሚያዘቀዝቅ ይሄ ያስኬዳል። የኔ ድምፅ ለ120 ነው።

በፈረንጆቹ 2009 ፊልም የታየችው ኢንተርፕራይዝም በ366 እና በ725 ሜትር መካከል ታወዛግባለች። የትንንሽ መንኮራኩሮቿ ማቆሚያ ትልቁን ቁጥር ይጠይቃል፤ የውጭ በሮቿ ግን ለትንሹ የተሳሉ ይመስላሉ። ውስጡንና ውጩን ለየብቻ ካልለኩ መጨቃጨቁ ከንቱ ነው።

ቀጣይዋ ቮዬጀር ነች፤ 344 ሜትር፣ 15 ፎቅ። የሞተር ክንፎቿ ወደ ላይ ስለሚታጠፉ፣ ከፍታዋ ከመለካቱ በፊት ንድፉ ክንፎቹን በየትኛው አቀማመጥ እንዳሳያቸው መለየት አለበት። ፎቶኮፒው ላይ ቀድሞ ይጻፍ።