ምጣዴ ላይ ሲኢ ከመለጠፌ በፊት

ነገሩ የተጀመረው እዚህ ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣችውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንድመለከትላት የጠራችኝ ቀን ነው። "ሊጡን ሳፈስ ይነዝረኛል፤ ያለ ላስቲክ ጫማ አልጠጋውም" አለችኝ። ገልብጬ ሳየው የመሬት ሽቦው፣ ኤሌክትሪክ ቢሾልክ ሰው ሳይነካ ወደ መሬት የሚያወርደው፣ ከቆርቆሮው ጋር አልተያያዘም፤ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ልጆቿ እዚያው አጠገቧ ይጫወቱ ነበር። አውሮፓ ውስጥ በሕግ የሚሸጥ ምጣድ ልሥራ ብዬ የቆረጥኩት ያኔ ነው።

ሙያዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ከወረቀቱ በቀር የሚከብደኝ አልመሰለኝም። ሲኢ (CE) የሚባለውን፣ ዕቃው የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ ያሟላል የሚለውን ምልክት፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ፈቃድ አድርጌ ነበር የማስበው። ስለዚህ አንድ አቅራቢ "ሰርተፊኬት አለው" ብሎ የሸጠልኝን ሬዚስታንስ (የሚግለውን ሽቦ) እና ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ወረቀቱ ኋላ ሲታይ የሌላ ሞዴል ሆኖ ተገኘ። የእነዚሁ ዕቃዎች ቢሆንም እንኳ ስለ ሙሉው ምጣድ ምንም አይመሰክርም ነበር። ለእንዲህ ዓይነት የቤት ዕቃ ሲኢ የሚሰጥ አካል የለም። አምራቹ ራሱ አስመርምሮ፣ ሰነድ አዘጋጅቶ፣ ዕቃው ሕጉን ያሟላል በሚለው የተስማሚነት መግለጫ ላይ ፈርሞ ይለጥፈዋል፤ አደጋ ቢደርስ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ከውጭ አስመጥቶ በራሱ ስም የሚሸጥ ሰውም በሕጉ ፊት አምራች ነው። ምጣድ በካርጎ እያስመጡ የሚሸጡ ወገኖቼ ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል።

ዋናው ሕግ የአውሮፓ ኅብረት የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ፣ 2014/35፣ ነው። በተለዋጭ ኤሌክትሪክ ከ50 እስከ 1000 ቮልት የሚሠሩ ዕቃዎችን ስለሚሸፍን 230 ቮልቱ ምጣዴ እዚያው ውስጥ ይገባል። መመሪያው ግን ዕቃው ሰው እንዳይጎዳ ያዝዛል እንጂ እንዴት እንደሚለካ በዝርዝር አይነግርም። ዝርዝሩ ያለው ኢኤን 60335 በሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ውስጥ ነው፤ ክፍል 1 ለቤት ዕቃዎች ሁሉ፣ ክፍል 2-9 ደግሞ ለተንቀሳቃሽ ማብሰያዎች። ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያውን ምጣድ ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። መቅደም ነበረበት።

ቤተ ሙከራ ስሄድ መጀመሪያ የወደቅኩት በመሬት ሽቦው ነው፤ ያውም ለዚያ ብዬ በተነሣሁበት። 25 አምፔር ሲያሳልፉበት የመሬት ሽቦው ምጣዱ ላይ ከሚታሰርበት እስከ ቆርቆሮው ያለው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም። የእኔ በለጠ። ምክንያቱ አንድ ብሎን ነበር፤ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ላይ ነበር ያሰርኩት። ቀለሙን ፍቄ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገብቼ ሳጠብቀው አለፈ።

ያደከመኝ ሸክላው ነው። እንደ አገራችን አሠራር ሬዚስታንሱን ራቁቱን ሸክላው ጎድጓዳ ውስጥ ነበር የዘረጋሁት። ደረቁ ምጣድ ሲለካ ወደ አካሉ የሚሾልከው ከረንት ከተፈቀደው 0.75 ሚሊ አምፔር በታች ነበር። ከዚያ እርጥበቱ 93 በመቶ የሆነ ሳጥን ውስጥ 48 ሰዓት አቆዩት። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ሲወጣ ልኬቱ ገደቡን አልፎ ሄደ። ቀጥሎ ጨው ያለበት ውሃ ሲያፈሱበትማ ከሽቦው ድረስ ዘለቀ። እንጀራ ስንጋግር ሊጡ በጠርዙ ሲወርድና እንፋሎቱ ከአክንባሎው ሥር ሲንጠባጠብ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጎረቤቴን የነዘራትም ይኸው፤ የሾለከውን የሚወስድ የመሬት ሽቦ አልተያያዘለትም ነበርና።

ስለዚህ ዲዛይኑን ከሥሩ ቀየርኩ። ሬዚስታንሱ ብረት ቱቦ ውስጥ የታሸገ ሆነ፤ በእሱና በሸክላው መሀል ደግሞ ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ብረት ገባ። ቱቦው ውስጥ የሚሞላው ማግኒዥየም ኦክሳይድም እርጥበት ስለሚስብ ጫፎቹን አጥብቆ ማሸግ ያስፈልጋል፤ ይህን የተማርኩት ሁለተኛው ምጣድም ከወደቀ በኋላ ነው። ሦስተኛው አለፈ።

ኃይሉን 4 ኪሎ ዋት ላደርገው ነበር። የጀርመን ቤት ሶኬት 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት ሲሰላ ጣሪያው 3680 ዋት ነው። ሰው ደግሞ ምጣድን ሰዓታት ሙሉ አይነቅለውም፤ በማከፋፈያ የሚሰካም አይጠፋም። በ3 ኪሎ ዋት ወሰንኩና ሸክላውን አሳሳሁት። ትንሽ ዘግይቶ ይግላል፤ የእንጀራው ዓይን ግን አልተበላሸም። የፕላስቲኩን ገመድም በጎማ ለወጥኩ፤ የጋለ ጠርዝ ሲነካው ሲቀልጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ያላሰብኩት ሌላም ነበር። ምጣድ ምግብ የሚነካ ዕቃ ስለሆነ ከሸክላው እርሳስና ካድሚየም ወደ ምግብ አለመውጣቱን ማስመርመር አለብህ። ቴርሞስታቱ ሲከፍትና ሲዘጋ የቤቱ መብራት ብልጭ ድርግም እንዳይል የሚለካ ሙከራም አለ። የአጠቃቀም መመሪያው በጀርመንኛ መሆን ግዴታው ነው፤ እኔ በአማርኛም ጨመርኩበት፣ ምጣዱ እንዴት እንደሚሟሽ ጭምር። ጀርመን ውስጥ ደግሞ አንዱን እንኳ ከመሸጥህ በፊት በኤሌክትሪክ ዕቃዎች መዝገብ መመዝገብ ግድ ነው። ሰነዱ በሙሉ 10 ዓመት ይቀመጣል።

ሲኢ የለጠፍኩበትን የመጀመሪያውን ምጣድ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። አሮጌውን ገመዱን ከሥሩ ቆርጬ ወደ ኤሌክትሪክ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ወሰድኩት፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካው።