ቡሽ አምብሬን ቀምሶ መዳኘት፦ 12 ከመቶ አልኮል ያለው የቤልጅየም ባርሊ ዋይን

ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰው ቤልጅየም ውስጥ የቢራ መደርደሪያ ፊት ሲቆም ዓይኑ የሚያርፈው ጠርሙሱ ላይ ነው፤ በትንሹ የተጻፈችውን የአልኮል ቁጥር የሚያያት ጥቂት ነው። ቡሽ አምብሬ የሚሸጠው ተራ በምትመስል የ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ነው። አልኮሉ ግን 12 ከመቶ ነው፤ የለመድነው ቢራ 5 ከመቶ ገደማ ላይ ይቆማል። ይህን ቢራ ከፍሪጅ አውጥቶ በጥማት የጨለጠው ሰው «ያቃጥላል፣ ይከብዳል» ብሎ ይፈርድበታል። የተፈረደበት ግን ቅዝቃዜውና ፍጥነቱ ነው። ብርዱ መዓዛውን ስለሚዘጋው አፍ ላይ የሚከብድ ፈሳሽና ጉሮሮ ላይ የሚነድ አልኮል ብቻ ይቀራል።

ቡሽ የሚጠመቀው በኤኖ ክፍለ ሀገር፣ ፒፔ በምትባል መንደር ባለው ዱቡዊሶን ጠመቃ ቤት ነው። ጠመቃ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1769 የተቋቋመ የቤተሰብ ሥራ ሲሆን አምብሬውን በ1933 ያወጣው በጊዜው ተወዳጅ የነበሩትን የእንግሊዝ ጠንካራ ቢራዎች ተከትሎ ነው። አሜሪካ ያላችሁ «ስካልዲስ» በሚል ስም ፈልጉት።

ባርሊ ዋይን ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ ቢራ ነው፤ ወይን አይገባበትም። ጥንካሬው የሚመጣው ብዙ ብቅል በትንሽ ውሃ ከመጥመቅና ረጅም ሰዓት እሳት ላይ ከማፍላት ነው። 12 ከመቶ ላይ ለመድረስ የብቅሉ ውሃ እርሾ ሳይገባበት ክብደቱ ከተራ ውሃ ጋር ሲነጻጸር (ተራ ውሃ 1.000 ነው) 1.110 አካባቢ መሆን፣ ሲጨርስም ወደ 1.018 መውረድ አለበት። ይህ ለእርሾ ከባድ ሸክም ነው። እርሾው ካነሰ ወይም መጀመሪያ ላይ በቂ አየር ካላገኘ አልኮሉ ከፍ ሲል ይደክምና ያልተበላ ስኳር ይተዋል፤ ቢራው ሽሮፕ ይሆናል። የእርሾው መፍላት በሙቀት ከተጣደፈ ደግሞ ከባድ አልኮሎች ይፈጠራሉ። ብርጭቆው ላይ የምናገኛቸው ጉድለቶች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች የተነሱ ናቸው።

ወደ ቅምሻው እንምጣ። ጠርሙሱን ብርሃን በማይገባበትና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ምድር ቤት ካላችሁ እዚያ፣ አቁማችሁ አስቀምጡ። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ አስቀድማችሁ አውጡት። 10 ዲግሪ ላይ ጀምሮ 15 ወይም 16 ዲግሪ ላይ ማለቅ አለበት፤ ፍርዱም የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። የኮኛክ ብርጭቆም ይሆናል። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሊትር ብቻ ቅዱ፤ ብርጭቆው ሲሞላ መዓዛው የሚሰበሰብበት ቦታ ያጣል።

እዚህ ላይ የእኛ ቤት የራሱ ጣጣ አለው። ወጥ ሲሠራበት የዋለ ሳሎን፣ ዕጣን የጨሰበት ክፍል፣ ቡና የተቆላበት ሰዓት ለቅምሻ አይሆኑም። የተቆላ ቡና ሽታ አየሩን ከያዘው የብቅሉን ካራሜል ከቡናው መለየት አይቻልም። ቅምሻው ከቡናው በፊት ይሁን። ብርጭቆው በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ ወይም የቅቤ እጅ ከነካው አረፋው ወዲያው ይሞታል፤ ይህን ቢራው ላይ አታሳብቡ። አፍ ለማጥራት ውሃና ተራ ነጭ ዳቦ ይበቃል። እንጀራ ግን ይቅር፤ ኩምጣጤው አፍ ላይ ስለሚቆይ ቢራውን ከሆነው በላይ ጣፋጭ ያስመስለዋል።

ሲታይ ቀለሙ ከማር እስከ መዳብ የሚሄድና የጠራ ነው። አረፋው ቶሎ ቢወርድ ነጥብ አትቀንሱ፤ ይህን ያህል አልኮል አረፋ አያቆምም። ሲሸተት አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ ነክሮ በረጅሙ መሳብ ስሕተት ነው። አልኮሉ አፍንጫን ያደነዝዝና የሚቀጥሉት ደቂቃዎች ይባክናሉ። አጭር አጭር አድርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ማሽተት፣ ከዚያ ብርጭቆውን በመዳፍ ሸፍኖ አዙሮ መድገም ይሻላል። መምጣት ያለበት የካራሜል፣ የታመሰ ብቅል፣ የበሰለ ፍራፍሬና የዘቢብ መዓዛ ነው። በሶ የሚያውቅ አፍንጫ የብቅሉን ጎን ለማግኘት አይቸገርም።

የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ማስለመጃ ስለሆነ አይቆጠርም። ከሁለተኛው ጀምሮ ምላስ ላይ ትንሽ አቆይታችሁ ዋጡና አየሩን በአፍንጫ አስወጡ። ምሬቱም ሆነ የአልኮሉ ጠባይ የሚገለጠው ከተዋጠ በኋላ ስለሆነ ቢራ እንደ ወይን ተተፍቶ አይዳኝም፤ መጠኑን ማሳነስ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። አረፋና ጋዙ ለዘብ ያለ፣ አካሉ ወፍራም፣ አጨራረሱ ግን ወደ ምሬት የሚያዘነብል መሆን አለበት። ጣፋጭነቱ ከተዋጠም በኋላ ከንፈር ላይ ከተጣበቀ ሚዛኑ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የአልኮሉ ጉዳይ ነው። የሚያሞቅ አልኮልና የሚያቃጥል አልኮል አንድ አይደሉም። ንጹሕ የሆነው ደረት ላይ ቀስ ብሎ ይሰማና ይለቃል። ከባድ አልኮል ያለበት ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይቧጥጣል፣ ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል፣ ቢራው በሞቀ ቁጥርም ይብሳል። መለያው ይህ ነው፦ ጥሩው ቢራ ከ10 ወደ 15 ዲግሪ ሲሄድ ፍሬው ይከፈታል፣ መጥፎው ግን ሲሞቅ ኬሚካሉ ይወጣል። የጠጅ ጠጪ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ ጠጅ ውስጥ ማሩ አልኮሉን እንደሚሸፍነው ሁሉ እዚህም ብቅሉ ይሸፍነዋል።

ሌሎቹን ጉድለቶች በአጭሩ፦ የቅቤ ከረሜላ ሽታ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ መለየቱን፣ የአረንጓዴ ፖም ሽታ ቢራው ገና ጥሬ መሆኑን ይናገራል። የእርጥብ ካርቶን ሽታ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ሆኖም ባርሊ ዋይን ውስጥ እርጅና ሁሉ ጥፋት አይደለም። በዓመታት ውስጥ የሚመጣው የደረቀ በለስና የሼሪ ወይን ጠባይ ይወደዳል፤ ካርቶኑ ግን በምንም ዕድሜ አይማርም።

ነጥብ መስጠት የሚፈልግ በቢራ ዳኞች ዘንድ የተለመደውን የ50 ነጥብ ቅጽ ይጠቀም፦ መዓዛ 12፣ መልክ 3፣ ጣዕም 20፣ የአፍ ስሜት 5፣ አጠቃላይ 10። ከመፍረዱ በፊት ግን ቢራውን በየትኛው ምድብ እንደሚዳኝ ይወስን። የቤልጅየም ጥቁር ጠንካራ ቢራ ብሎ የሚፈርድ ሰው ከእርሾው የሚመጣ የቅመም ጠባይ ፈልጎ ያጣና ቡሽን ይጥለዋል። በእንግሊዝ ባርሊ ዋይን ምድብ ግን 38 አካባቢ ይገባዋል እላለሁ። ብቅሉ ሀብታም፣ አጨራረሱ ጥሩ ነው፤ የሚጎድለው አልኮሉን መደበቁ ላይ ነው። በእንጨት በርሜል የቆየው 13 ከመቶው ቡሽ ፕረስቲዥ ይህን ያለዝበዋል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

ከምግብ ጋር ሲመጣ፣ ዶሮ ወጥ በሽንኩርቱ ጣፋጭነት የሚስማማው ይመስላል፤ በርበሬው ግን አይፈቅድም። አልኮል የሚጥሚጣና የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳልና ሁለቱም ይጎዳሉ። አልጫ፣ ያልከረረ ጥብስ፣ ያረጀ ጠንካራ አይብ ይሻላሉ።

አሁን ሒሳቡ። አንዷ ጠርሙስ 31 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አላት፤ በቤልጅየም አቆጣጠር ሦስት መለኪያ ማለት ነው። የአሽከርካሪ ወሰን በሊትር ደም 0.5 ግራም፣ ለሙያ ሹፌሮች ደግሞ 0.2 ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ይህችን አንድ ጠርሙስ በባዶ ሆዱ ፈጥኖ ቢጠጣ ወሰኑን ያልፋል፤ ሴት ደግሞ በአነሰ መጠን ታልፈዋለች። ሰውነት አንዱን መለኪያ ለማስወገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ታክሲ የሚነዳ ወገን ማታ ሁለት ጠርሙስ ጠጥቶ ማለዳ ከተነሳ አልኮሉ ገና በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ልጆች ያሏችሁም ይህን እወቁ፦ እዚህ ቢራ የሚሸጠው ከ16 ዓመት ጀምሮ ነው፣ ሕጉም 5 ከመቶውን ከ12 ከመቶው አይለይም።

አንዷ ጠርሙስ ለሦስት ቀማሽ ትበቃለች። የተረፈውን ክዳኑን አጥብቃችሁ ፍሪጅ ብታሳድሩት ጋዙ ይቀንሳል እንጂ ለማግስቱ ይጠጣል። ለፍሌሚሽ የበሬ ወጥ ከፈለጋችሁት ግን ከለስላሳ ቡናማ ቢራ ጋር እኩል ቀላቅሉት፤ ብቻውን ሲመጥ ምሬቱ ሥጋውን ያሸንፈዋል።