አራት ክለቦች የነበሩበት መንገድ

ከአየር ጤና የተነሣነው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2017 ዓ.ም. ነበር፤ የአክስቴ ልጅ ጅማ ላይ ሊዳር ነው። በሻንጣዬ የሠርግ ኮት ይዣለሁ፤ በሐሳቤ ግን የማመላልሰው ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሳምንቱን ሙሉ የተሟገትንበትን ጉዳይ ነው። እነሱ «የእግር ኳሱ ፕሪሚየር ሊግ ሞልቶ ፈስሷል፤ 18 ክለብ ለዚህች አገር ይበዛል» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሊጉ የተጣበበው ክለቦቹ ጥቂት ቦታ ላይ ስለታጨቁ ነው፤ ያልተነኩ አካባቢዎች አዳዲስ ክለቦች ያስፈልጓቸዋል ስል ነበር። «ስል ነበር» ማለቴ ይያዝልኝ።

ቁጥሩ በእርግጥ ከእኔ ጋር ነበር። በዚያ ዓመት ከ18ቱ ስድስቱ የአዲስ አበባ ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ መቻል፣ ኢትዮጵያ መድን፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢትዮ ኤሌክትሪክ። ሐዋሳ ብቻዋን ሐዋሳ ከተማንና ሲዳማ ቡናን ይዛ ነበር፤ በዚያው በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ወላይታ ድቻ፣ ሀዲያ ሆሳዕናና አርባ ምንጭ ከተማ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ግን አንድም አልነበረም። ይህን እያልኩ ነበር ባልደረቦቼን ዝም ያሰኘሁት።

ሰበታ ላይ ሚኒባሱ ቆሞ ረዳቱ «ወሊሶ! ወልቂጤ! ጅማ!» እያለ ሲጣራ ሙግቴ መላላት ጀመረ። ሰበታ ከተማ የሚባል ክለብ ሊጉ ውስጥ ነበር እኮ። የተነሣንባት አዲስ አበባም በስሟ የሚጠራ አዲስ አበባ ከተማ ነበራት። የምንሄድባት ጅማ ደግሞ አባ ጅፋርን። ሦስቱም በ2014 የውድድር ዓመት መጨረሻ፣ ቀጠሮ እንደያዙ ሰዎች፣ አንድ ላይ ወረዱ። ሦስቱም በዚሁ በምንሄድበት አስፋልት ላይ ያሉ ናቸው። ወልቂጤ ወርደን ቁርስ ስንበላ አራተኛው ትዝ አለኝ፤ ወልቂጤ ከተማ ከሦስቱ ቆየት ቢልም እርሱም በዚያን ጊዜ ከሊጉ ውጪ ነበር። ምዕራቡ አዲስ አካባቢ ነው ስል የከረምኩት አለማወቅ ሳይሆን ሰነፍ ትዝታ ነበር። ሰርግ ባይጠራኝ ኖሮ አሁንም እዚያው ሙግት ላይ ነበርኩ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ ጆሮ ግንድ ላይ ያርፋል፤ ሹራብ ለብሶ የተሳፈረ ሁሉ ማውለቅ ይጀምራል። በጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው «ልጄ፣ ምን ትቆጥራለህ በጣትህ?» አሉኝ። የወረዱ ክለቦችን ነው ብላቸው ድልድዩን በአገጫቸው እያሳዩ «መውረዱስ ቀላል ነው፤ መውጣቱን ታየዋለህ» አሉ። እውነትም ሚኒባሱ ሽቅብ ሲያቃስት እስከ ሰኮሩ ድረስ ማንም አላወራም።

ጅማ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሠርጉ በማግስቱ ስለነበር ባጃጅ ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሄድኩ። ሾፌሩ ከሃያ አምስት ዓመት አይበልጥም፤ የአባ ጅፋርን የደበዘዘ ማልያ ለብሷል። ስለ ማልያው ስጠይቀው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ጋሼ፣ በ2010 እዚህ መሆን ነበረብዎት» አለኝ። አባ ጅፋር ከታችኛው ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ፤ ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ሾፌሩ የዚያን ዓመት ጎሎች ከነደቂቃቸው ይዘረዝራል። እውነት ይሁኑ አይሁኑ ማጣራት አልፈለግሁም።

«ታዲያ ሲወርድ ከተማው ምን አለ?»

«ምን ይላል? ቡድኑ የጠፋብን እኮ ሊጉ ውስጥ እያለ ነው።»

ይህችን አባባል ወደ ሠርጉም፣ ወደ አዲስ አበባም ይዣት ተመለስኩ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው፤ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ይከትሙና ለሳምንታት እዚያው ይጫወታሉ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጅማም ተራ ደርሷት ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የቴሌቪዥን ሥርጭት ገባ፣ ደረጃውን የሚያሟላ ሜዳም እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን አብዛኞቹ የክልል ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ነዋሪው ቡድኑን ሜዳ ሄዶ ሲያይ ያ በጀት የራሱ ደስታ ዋጋ ነው። ሩቅ ከተማ ሲጫወት በዜና ብቻ ሲሰማው ግን «ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ለውኃ ቢውልስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅም መልስ የሚሰጠው የለም። የመግቢያ ገቢ የለም፣ የሰፈር ሕፃን የሚመለከተው ተጫዋች የለም። ከዚያ የተጫዋቾች ደመወዝ ይዘገያል።

ወላይታ ድቻ በ2010 በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ሲጥል «የሜዳው» ጨዋታ የተካሄደው ሶዶ ሳይሆን ሐዋሳ ነበር። ለድቻ ደጋፊ ሐዋሳ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ተነሥቶ ይደርሳል። የጅማ ደጋፊ ግን ሊጉ ድሬዳዋ ላይ ሲካሄድ እዚያ ለመድረስ አገር ማቋረጥ ነበረበት።

ስለዚህ አቋሜን ቀይሬያለሁ። ወደ ባልደረቦቼ ጎራ አልገባሁም፤ 18ም ሆነ 20 የሚለው ጭቅጭቅ ከእንግዲህ አይሞቀኝም። ነቀምቴም ትግባ፣ ጋምቤላም ትግባ፤ ግን በዓመት ቢያንስ ስድስት ሰባት ጨዋታ ደጃፏ ላይ የማታይ ከተማ ክለብ አቋቁሚ ብትባል እኔ ብሆን እምቢ እላለሁ። መጀመሪያ ሜዳው ይስተካከል፣ የቤት ጨዋታ ይመለስ።

ስታዲየሙ በር ላይ ጥበቃው «ዛሬ ምንም የለም» አለን። ባጃጁን አዙረን ስንመለስ ከአጥሩ ጀርባ ባለ አቧራማ ሜዳ ላይ የሁለት ሰፈር ልጆች ሲጋጠሙ አገኘን። ሰው ጠርዙን ከቦታል፤ ዛፍ ላይ የወጣም አለ። ሾፌሩ ሳይጠይቀኝ ሞተሩን አጠፋ። እስኪጨልም ቆምን፤ የቆምንበትንም አላስከፈለኝም።

ስንመለስ ወልቂጤ ላይ ለምሳ ቆምን። ምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የእኛው ሊግ ጨዋታ እየታየ ነው፤ ከኋላ የሚታየው መቀመጫ ባዶ ነው። አስተናጋጇ ሳህን እያነሣች «የት ነው የሚጫወቱት?» ብላ ጠየቀች፤ ከጠረጴዛችን እርግጠኛ ሆኖ የመለሰላት አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቱ ጣቢያውን ወደ እንግሊዝ ጨዋታ ቀየረው። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም ወንበሬን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ።