አንዲት ፊደል ያስከፈለችኝ ራም

ላፕቶፔ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ440ፒ ነው። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ ሞዴል ሲሆን እኔ የገዛሁት ያገለገለ ነው። ኪቦርዱን በአዲስ ላፕቶፕ እንኳ አልለውጠውም። ችግሩ ስታክ ያደርጋል። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ወርድ፣ ሁለት ፒዲኤፍና ክሮም አብረው ይከፈታሉ። ያኔ አንዱን ታብ እጫንና ሻይ ልቀዳ እነሳለሁ።

መጀመሪያ ፎርማት ላስደርገው አሰብኩ። እኛ ሀገር ኮምፒውተር ሲያመው የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ነው። ግን ታስክ ማናጀርን (የኮምፒውተሩን ጫና የሚያሳየውን የዊንዶውስ ገጽ) ከፍቼ ሳይ ካለው 4 ጂቢ ራም፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች ከሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ከ90 በመቶ በላዩ ተይዟል። ሃርድ ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ነው። ነገሩ አንድ ነው፤ ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸጋግራል፣ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም አንፃር ኤሊ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ከሁለቱ የራም ስሎቶች (መሰኪያዎች) የተያዘው አንዱ ብቻ መሆኑን አየሁ። ዊንዶውሴም 64 ቢት ነው። 32 ቢት ቢሆን ኖሮ ከ4 ጂቢ በላይ መግዛት ብር መጣል ነበር።

እዚህ ላይ ቸኮልኩ። መገናኛ አንድ ሱቅ ገብቼ «የላፕቶፕ ዲዲአር3፣ 8 ጂቢ» አልኩ፤ ዲዲአር3 የራም ዓይነት ነው። ልጁ መሳቢያ ሙሉ ራም አለው። አንዱን አወጣና «ወንድሜ፣ ይሄ ፍጥነቱ 1600 ነው፤ ምንም አትጠራጠር» አለኝ። ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን አንሸራተትኩና ሰካሁት። ስከፍተው ስክሪኑ ጨለማ። ቢፕ፣ ቢፕ፣ ቢፕ። ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ ጠረግኩ። ያው ቢፕ። ላፕቶፑን የገደልኩት መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። አዲሱን አውጥቼ አሮጌውን ብቻውን ስተወው ግን ምንም እንዳልሆነ ተነሳ።

ጠዋት ሁለቱን ራሞች ጎን ለጎን አስቀምጬ የተለጠፈባቸውን ጽሑፍ አነበብኩ። አሮጌው «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ይላል። አዲሱ «ፒሲ3-12800ኤስ»። ልዩነቱ አንዲት ኤል ናት። ኤል ያለበት በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ የሌለበት 1.5 ቮልት ይፈልጋል። የእኔ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር ስለሆነ የሚሰጠው 1.35 ብቻ ነው። ኤል ያለበት ግን በ1.5ም ይሠራል፤ ስለዚህ ዲዲአር3 የሚወስድ ላፕቶፕ ያለው ሰው ቢያጠራጥረው ኤሉን ይግዛ። 12800ው ያንኑ 1600 በሌላ መለኪያ የሚናገር ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ኤስ «የላፕቶፕ» ማለት ናት። ዩ ከሆነ የዴስክቶፕ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ጭራሽ አይገባም።

ሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። ቢሆንም ልጁ ትንሽ ካስጨመረኝ በኋላ ኤል ባለበት ቀየረልኝ። ከሌላ ላፕቶፕ የወጣ ነው። ራም ብዙም የሚያልቅ ዕቃ ስላልሆነ አሮጌነቱ አላስጨነቀኝም፤ ግን ማታውን ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም ከፍቼበት አደርኩ። አንድም ስህተት አላወጣም።

አሁን 8 እና 4፣ በድምሩ 12 ጂቢ አለኝ። ላፕቶፑ እስከ 16 ይቀበላል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አብረው አይሠሩም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የእኔዎቹ ተስማምተዋል። እኩል ቢሆኑ ፍጥነቱ ትንሽ ይሻላል፤ ለእኔ ሥራ ግን 4 ጂቢውን ጥዬ ሌላ 8 መግዛት አላዋጣኝም። የተረፈውን ብር ለኤስኤስዲ፣ ከሃርድ ዲስክ ለሚፈጥነው ማከማቻ፣ አስቀምጫለሁ።

ታብ ስቀይር አሁን ወዲያው ነው። ሲነሳ ግን ሃርድ ዲስኩ ያው አሮጌው ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ማብሪያውን ተጭኜ ሻይ ልቀዳ እነሳለሁ።