የመጨረሻው አውቶቡስ ሳይነሣ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የዋልኩት ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ዘንድሮ ትምህርቷን ከጀመረችው ታናሽ እህቴ ጋር ነበር። የግቢው ስፋትና ጸጥታ ለንባብ የተመቸ ቢሆንም፣ የተማሪውን ውሎ የሚወስነው ከክፍለ ጊዜው ይልቅ የአውቶቡሱ የመጨረሻ ጉዞ መሆኑን ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። ቤተ መጻሕፍቱ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው፤ አውቶቡሱ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለማይሠራ፣ እንደ እህቴ ከግቢ ውጭ ለሚኖር ተማሪ ያ የተራዘመ ሰዓት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚነበብ ነገር ብቻ ነው።

ስለ መኝታ ቤቶቹና ስለ ስፖርት ሜዳው ብዙ የምለው የለኝም፤ ንጹሕ ናቸው። ቀልቤን የሳበው የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ነው። እህቴ ማንበብን የሚያከብድ ዲስሌክሲያ የተባለ ችግር አለባት፤ በዚህ ምክንያት በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ እንደምትችል ግን እስከ ዛሬ የነገራት አልነበረም። አማካሪዋ የባለሙያ ማስረጃዋን ከተመለከቱ በኋላ፣ ለመምህራኑ የሚገለጸው የሚደረግላት ድጋፍ እንጂ የችግሯ ዝርዝር አለመሆኑን በትዕግሥት አስረዷት። በእኔ የተማሪነት ዘመን እንዲህ ያለ ቢሮ ቢኖር እንኳ፣ እርዳታ መጠየቅ እንደ ስንፍና ይቆጠር ስለነበር በሩን የማንኳኳ አይመስለኝም።

ቅሬታዬ በቦታው ላይ ነው። ቢሮው የሚገኘው ከአስተዳደር ሕንፃው ጀርባ፣ ምልክት በሌለው መተላለፊያ መጨረሻ ላይ በመሆኑ ሦስት ሰው ጠይቀን ነው የደረስነው፤ ችግሩን ለመናገር የሚያፍር ተማሪ እስከ ሦስተኛው ሰው መታገሡን እጠራጠራለሁ። እህቴ ቅጹን ሞልታ ስትወጣ በመጀመሪያ ያየችው ሰዓቷን ነበር፤ አውቶቡሱ ሊነሣ 10 ደቂቃ ቀርቶታልና።