ከሶላሩ በፊት ኮርኒሱ

አምና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የስድስት ጡረተኛ ወታደሮችን ቤት አድሰን ነበር። የቀበሌ ቤቶች ናቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው የቆሙ፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ። ለእነሱ የቆመው የትግላችን ሐውልት እንኳ ከቤታቸው ይሻላል እያልን እንቀልድ ነበር።

እኔ የሳይት መሐንዲስ ነኝ። መብራት የሚቆጥብ ቤት ሥራ ስባል መጀመሪያ የታየኝ ሶላር ነው። ጣራ ላይ ሲብለጨለጭ ለፎቶም ያምራል። ፕላኑን ይዤ ወደ ሃምሳ አለቃው ሄድኩ። በ1970 ካራማራ ላይ የተመታ እግር አላቸው። ወረቀቱን ገፋ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ሌሊት ጣራው ያለቅሳል። ንጋት ላይ መጥተህ እይ» አሉኝ።

ጥር ነበር። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ካፖርታቸውን ደርበው፣ እግራቸውን በጋቢ ጠቅልለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው በላይ ያለው የአቡጀዴ ኮርኒስ ረጥቦ ሆዱ ወርዷል። ዝናብ ግን የለም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ቆርቆሮ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። የተኛ ሰው ትንፋሽ እዚያ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቀን ደግሞ ያው ቆርቆሮ ምጣድ ይሆናል።

የሶላሩን ብር ወደ ጣራው አዞርኩት። ቆርቆሮውን ቀየርን። ከሥሩ ለአየር መተላለፊያ ክፍተት ትተን 5 ሳንቲም ፎም ዘረጋን፤ ከዚያ ቺፑድ ኮርኒስ። ፎም እሳት ስለሚወድ ሽቦውን ሁሉ በቱቦ አሳለፍን።

ጭቃውንም አፍርሼ በብሎኬት ልተካው ነበር። አናጺያችን «ደህና የቆመውን ምን በደለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ማታ ይመልሳል፤ ሆዱ ባዶ የሆነ 15 ሳንቲም ብሎኬት ያንን ያህል አይዝም። የበሰበሰውን የግድግዳ እግር ብቻ በድንጋይ ተካን። መስኮቶቹን በደቡብ በኩል አሰፋናቸው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ ወደዚያ ታጋድላለች።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት መጨረሻ ላይ ነው። ብርድ እንዳይገባ ብዬ የበሩንና የመስኮቱን ቀዳዳ ሁሉ በጎማ ደፈንኩ። አሮጌው ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ እንደነበር ልብ አላልኩም። አንድ ዝናባማ ማታ የሃምሳ አለቃው ባለቤት ለቡና ያቀጣጠሉትን ከሰል ወደ ውስጥ አስገብተው በሩን ዘጉ። ሁለቱም ራሳቸውን አዞራቸው። ጎረቤት ደርሶ በሩን ባይከፍት ኖሮ... የከሰል ጋዝ አይሸትም። በነጋታው ስሄድ «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። እሳቸው «ቡናው ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ» አሉኝ። ይሄ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ። በየቤቱ አንድ ከታች፣ አንድ ከኮርኒሱ ሥር የማይዘጋ መተንፈሻ አስወጣሁ። ለከሰሉ በረንዳ ላይ ከለላ ሠራን። እንደገና ብሠራ ይሄ ከፎሙ ይቀድማል።

መብራቱ ላይ ደግሞ ቀላል ሂሳብ ነበር። በየቤቱ ሁለት ባለ 9 ዋት አምፖል ሲበራ ግቢው በሙሉ 108 ዋት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ሁለት ምጣድ አንዴ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ የጋራ ማድቤትና አንድ ደህና ምጣድ አደረግን፤ አንዷ ጋግራ ስትነሳ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ ትቀጥላለች። ተራውን በር ላይ በጠመኔ ጻፍነው።

ያላሰብኩት፣ መጀመሪያ የምትጋግረው ምጣዱን የምታግለው ለሌላው ጭምር መሆኑን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ እናቶቹ በሩ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ሁሉም ሁለተኛ መሆን ይፈልጋሉ።