እግሬ ሸበጥ መያዝ ያቃተው ሰሞን

እኔ ስራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። አስራ አንድ አመት ሀዋሳ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ነው የኖርኩት ብል ብዙም አላጋነንኩም። አምና አቶቴ አካባቢ አንድ ቤት በኮንትራት ይዘን ባለቤቱ ለልጄ ሰርግ ካልደረሰ ብሎ ሲያጣድፈን አራት ቀን ሙሉ ከጠዋት እስከ ማታ ለምሳና ለውሃ ካልሆነ አልተነሳሁም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ የቀኝ እግሬ ሸበጥ ወለቀ፣ መልሼ አጠለኩት፣ ወለቀ። ሶስተኛ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ ችግሩ የሸበጡ አደለም። እግሬን ቀና በል ብለው አልሰማ አለኝ፣ ጣቶቼ ወደ ላይ አይነሱም። ስራመድ ጫፉ መሬት እየጎተተ ሊጥለኝ ስለሚል ጉልበቴን እንደ ዶሮ ከፍ እያደረኩ ነው ምሄደው፣ እግሬ ደግሞ ሲያርፍ ጧ ይላል። ምንም አያምም፣ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ከዛ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዶክተር ሆነ። እናቴ ብርድ ነው አለች፣ ጎረቤት ምች ነው አለ፣ አብሮኝ ሚሰራው ልጅ ወጌሻ ጋር ወሰደኝና ወጌሻው ምንም ያልሆነውን ቁርጭምጭሚቴን አሽቶ አሽቶ አሳበጠው። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እዛ ደግሞ "ነርቭ ነው" አሉኝና ቢ ኮምፕሌክስ ወጉኝ። እሺ ነርቭ ነው፣ የትኛው? ያኔ ይሄ ሚጠየቅ ጥያቄ መሆኑንም አላውቅም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሳሎን መብራት ጠፋ ብለህ ኤሌክትሪሻን ስትጠራ መጥቶ "ኤሌክትሪክ ነው" ብሎህ ሂሳብ ተቀብሎ እንደመሄድ ነው።

ነገሩን የፈታችልኝ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት። መጀመሪያ ስኳር አለብህ፣ የቲቢ መድሃኒት ወስደሃል ብላ ጠየቀችኝ (ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ስለሚጎዳ ከእግር ጣት ነው ሚጀምረው፣ አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድሃኒት ደግሞ ቫይታሚን ቢ 6 ስለሚያሳጣ ነው አብሮ ቢ 6 ሚሰጠው)። የለብኝም አልኳት። በጣቶችህ ቁም አለችኝ፣ ቆምኩ። በተረከዝህ ቁም ስትለኝ ቀኙ እምቢ አለ። ቀጥላ እግርህን ወደ ውጭ አዙር፣ አልሆነም፣ ወደ ውስጥ አዙር፣ ዞረ። እሱን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ። ከዛ ከጉልበቴ በታች በውጭ በኩል ያለችውን ጉብ ያለች አጥንት ዙሪያ በጣቷ ቀስ ብላ ነካ ነካ ስታደርግ ኤሌክትሪክ እስከ እግሬ ጀርባ ወረደ። "እቺው ናት" አለች።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ከታችኛው አከርካሪ ሚወጡ ክሮች ተገምደው ሳያቲክ ሚባለውን የሰውነታችንን ወፍራሙን ነርቭ ይሰራሉ፣ ውፍረቱ አውራ ጣት ያክላል። በመቀመጫ ስር አልፎ በታፋ ጀርባ ይወርድና ብዙ ጊዜ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቲቢያል ነው፣ ባት ውስጥ ጠልቆ ስለሚወርድ ስጋው ይጠብቀዋል፣ ተረከዝን ከመሬት ሚያስነሳውና የውስጥ እግርን ስሜት ሚያመጣው እሱ ነው። ሁለተኛው ፔሮኒያል ይባላል፣ ወደ ውጭ ይዞርና ጣቷ የነካቻት ጉብታ ስር፣ በቀጭኑ የቅልጥም አጥንት አንገት ላይ ተጠምጥሞ ያልፋል፣ እዛ ቦታ ላይ ከቆዳ በቀር መከታ የለውም በቃ። እግርን ቀና ሚያደርገው፣ ወደ ውጭ ሚያዞረው፣ የእግር ጀርባ ላይ ሚሰማን እሱ ነው። እኔ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ በቁጢጥ ጨፍልቄ ደም ከልክዬዋለሁ። ወደ ውስጥ ማዞር መቻሌ ደስ ያሰኛት ለምንድነው ስላት፣ ወደ ውስጥ ሚያዞረው ጡንቻ በቲቢያል ስለሚታዘዝ ነው አለችኝ፣ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ) ወገቤ ላይ ነርቩን ተጭኖ ቢሆን ወደ ውጭ ማዞሩም ወደ ውስጥ ማዞሩም ከአንድ የነርቭ ስር ስለሚመጣ አብረው ይደክሙ ነበር። እኔ ለዲስክ ራጅ ብር ልበደር ሳስብ ነበር እኮ! ደረጃ መውጣትስ ለምን አልከበደኝም ስላት ጉልበት ሚዘረጋው ፌሞራል ሚባል ሌላ ነርቭ ነው፣ በብሽሽት በኩል ከፊት ነው ሚመጣው አለችኝ።

መዳኑ ላይ የሽቦ ነገር ነው ያወራችኝ። የሽቦው ላስቲክ ብቻ ከተላጠ በሳምንታት ወይ በሁለት ሶስት ወር ይመለሳል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ከተበጠሰ ግን ነርቭ ሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቤት ገብቼ በስራ ሜትሬ ከጉልበቴ እስከ እግሬ ለካሁት፣ 38 ሴንቲ። 380 ቀን! እንቅልፍ አልወሰደኝም ያን ቀን። እስኪሻለኝ ከአሮጌ ሳይክል ከመነዳሪ ቆርጬ ከጫማዬ አፍንጫ እስከ ባቴ ወጥሬ አስሬ ነበር ምሄደው፣ ሀዋሳ ደግሞ ከመነዳሪ አይቸግርም። በስድስተኛው ሳምንት አውራ ጣቴ ትንሽ ንቅንቅ አለች፣ በአስረኛው በተረከዜ ቆምኩ።

ከዛ ወዲህ የሰው እጅና እግር ሳይ ዝም አልልም። እህቴ ሹሩባ ትሰራለች፣ ሌሊት እጇ ደንዝዞ እየነቃች ታራግፈዋለች። ወንድም ጋሼ ደም ማነስ ነው መሰለኝ ትለኛለች። የትኞቹ ጣቶች ናቸው ስላት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሀሉና የቀለበቱ ግማሽ፣ ትንሿ ደህና። ደም ማነስ እንዴት አድርጎ ነው ጣት በግማሽ ሚመርጠው? ሚድያን ነርቭ ነው፣ በእጅ አንጓ ላይ ከ9 ጅማቶች ጋር በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ነው ሚያልፈው፣ ጅማቶቹ ካበጡ ቦታ ያጣል። ሄዳ ስትመረመር እሱው ሆነ፣ ሌሊት አንጓዋን ቀጥ አድርጎ ሚይዝ ድጋፍ አስረው አሁን ትተኛለች። ባጃጅ ሚነዳው ጓደኛዬ ደግሞ ትንሿና የቀለበት ጣቱ ናቸው ሚደነዝዙት፣ ቀኑን ሙሉ ክርኑን ብረቱ ላይ አስደግፎ ነው ሚውለው፣ ክርናችን ሲጋጭ ኤሌክትሪክ ሚለቅብን አልናር እኮ እዛው ክርን ጀርባ ነው ያለው። ነገርኩት፣ ሳቀብኝ፣ አሁንም ያስደግፋል። ሰርግ ላይ ጠጥቶ ክንዱን በፕላስቲክ ወንበር ጀርባ ላይ አንጠልጥሎ ተኝቶ ጠዋት አንጓው ወድቆ የተነሳ ልጅም አለ፣ የሱ ራዲያል ነው፣ የላይኛውን ክንድ አጥንት ዞሮ ሚወርደው፣ እጅ ወደ ላይ ቀና ሚያደርገው።

እናቴ ግን አሁንም ብርድ ነው ነው ምትለው።

ስራ ተመልሻለሁ፣ አሁን ዱካ ላይ ተቀምጬ ነው ምሰራው፣ ረዳቴን በየግማሽ ሰአቱ ተነስ እለዋለሁ እሱም ጋሼ እንጨርስና ይለኛል። እግሬ ጉልበቱ ሙሉ ነው፣ ያልተመለሰልኝ አንድ ቦታ አለ፣ በአውራ ጣቴና በሁለተኛው ጣቴ መሀል የሳንቲም ያህል። የሸበጡ ማሰሪያ ሚያልፍበት ቦታ ነው እሱ። ስለዚህ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሸበጥ ማድረግ አለማድረጌን ለማወቅ እስካሁን ጎንበስ ብዬ አያለሁ።